ከአባቴ ማሳ የወጣው ድንጋይ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ተቀምጬ፣ አንድ ወጣት ባለሙያ ስለ ጥቁር ድንጋይ ሲያስረዳኝ ዋልኩ። ኮቱ አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ እውቀቱም አዲስ ነበር። ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ ማሳ ላይ ቢበተን፣ ዝናብ ከአየር ያወረደውን ካርቦን ይይዛል፣ የኮመጠጠውንም አፈር ያክማል አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ይህንኑ ነገር ኮሌጅ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ማጨብጨቤ አንገበገበኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም። ያናደደኝም ውሸት አለመሆኑ ነው።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እንዲህ ነው። ዝናብ ባዶውን አይወርድም፤ ከአየሩ ካርቦን ይዞ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ ይወርዳል። ያ ውሃ ጥቁሩን ድንጋያችንን ቀስ እያለ ይበላዋል። የተበላውም ሟሙቶ ከነካርቦኑ በወንዝ ይሄዳል። ከአምባ ጊዮርጊስ ጋራ ወደ ደቡብ የፈሰሰው በጣና አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ሰሜን የፈሰሰው በተከዜ ዞሮ ሱዳን ላይ እዚያው ዓባይን ያገኘዋል። መጨረሻቸው ባሕር ነው። ባሕር ውስጥ ቅርፊት ያላቸው ፍጥረታት ቤታቸውን ይሠሩበታል፤ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ይደለደልና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። የባሕሩ ወለል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እየተንሸራተተ ከሌላ ምድር ሥር ይገባል፣ ይግላል፣ ካርቦኑም በእሳተ ገሞራ አፍ ተመልሶ ይወጣል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ይበረታል፣ ድንጋዩ ቶሎ ይበላል፣ ከአየሩ ላይ ካርቦን ይቀንሳል፣ ምድርም መልሳ ትበርዳለች። ራሷን የምታክመው በዚህ መንገድ ነው። ሕክምናው ግን ሺህና ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል። ምድር አትቸኩልም። የሚቸኩለው ሰው ነው፤ ከቸኮሉትም አንዷ እኔ ነኝ።

የተወለድኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ከቤታችን በላይ የአባቴ የገብስ ማሳ አለ። ያኔ ከአፈሩ ድንጋዩ ይበልጥ ነበር። መንገደኛ ሲያልፍ «እዚህ ላይ ደግሞ ምን ይበቅላል?» እያለ ይስቅ ነበር። ይበቅል ነበር። አባቴ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ ከነካ በሬዎቹን ያቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ይገለብጣል፣ እዚያው ትቶት ያልፋል። ከማሳው አያወጣውም። አያቱም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ እንዲህ ያደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደማያወጣው ስጠይቀው «ጤዛውን ማን ይያዝለት?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «መሬት የሚበላው ድንጋይ ነው፤ ነፍጋችሁት ምን ሊያበላችሁ ነው?» ብሎኛል። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ተውኩት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦሎጂ ማጥናት ጀመርኩ። እናቴ ይህን ሳታይ አርፋለች። በቤታችን እዚያ የደረሰ ሰው ስላልነበረ አባቴ በደረሰበት ሁሉ «ልጄ የድንጋይ ሐኪም ልትሆን ነው» ይል ነበር። በሁለተኛ ዓመቴ ክረምት ለዕረፍት መጣሁ። አንድ መጽሐፍ ላይ አንዲት ጠጠር የሌለበት፣ እንደ መደብ የተስተካከለ ማሳ አይቼ ነበር። የየት አገር ማሳ እንደሆነ እንኳን አላነበብኩም። አባቴን ተቀምጬ መከርኩት። ድንጋዩ የያዘው ቦታ ስንት ገብስ ያበቅል እንደነበር፣ ማረሻው በየዓመቱ የሚሰበረው ለምን እንደሆነ፣ በሬዎቹ የሚደክሙት ለምን እንደሆነ አስረዳሁት። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ሰማኝ። በአራተኛው ቀን ደቦ ጠራ።

የመንደሩ ሰው እየሣቀም እያጉረመረመም ለቀመው። ድንጋዩ መንገድ ዳር ተከምሮ ትንሽ ጋራ አከለ። ያኔ አስፋልቱ እየተሠራ ስለነበር የድንጋይ መፍጫው ገልባጭ መኪናዎች መጥተው ጭነው ወሰዱት። ለሹፌሮቹ ጠላ ቀዳንላቸው። ውለታ የዋሉልን መስሎን መረቅናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ገብስ አማረ። አባቴ ለጎረቤቶቹ እያሳየ ኮራ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ተመልሼ፣ በዚያው ሴሚስተር፣ አንድ መምህራችን ጥቁር ድንጋይ እንዴት እየተበላ አፈር እንደሚሆን፣ ማሳ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ እርጥበት እንደሚይዝ፣ የዝናቡን ምት እንደሚመክት፣ ሲፈርስም ሰብሉን እንደሚመግብ አስተማረን። እስክሪብቶዬ እንደያዝኩት ቀረ። አባቴ «መሬት የሚበላው ድንጋይ ነው» ያለው ነገር በባዕድ ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር፤ ስልክም ነበር። ድንጋዩ ገና ሁሉም አልተፈጨም ይሆናል፤ አስመልስ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በዚያ ትምህርት ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

በሦስተኛው ዓመት የማሳው አፈር ከታች ካለው ቦረቦር ውስጥ ነበር። የቀረው ነጣ፣ ዝናብ መትቶት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይደርቅ ጀመር። ለዕረፍት በመጣሁ ማግስት አባቴ ወደ ማሳው ይዞኝ ወጣ። ገብሱ ከጉልበቴ በታች ነበር። አባቴ ማሳውን አላየም፤ የሚያየው እኔን ነበር።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ነው ወይ?» አለኝ።

«አይደለም አባባ። ዝናቡ ነው» አልኩት።

አየኝ፣ አየኝና «እሽ» አለ። ያውቅ ነበር። የጠየቀኝ ሊያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ አላናገረኝም። አልተጣላኝም፤ በተጣላኝ! ሰው የተጣላውን ይታረቃል። ስገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታ ይለቅልኛል። ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ይቀበላል። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ «እንግዳዋ በልታለች?» ይለዋል። «እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው?» ይለዋል። ወንድሜ መሃላችን ተቀምጦ የአንድ ቤት ሰዎችን ሲያስተረጉም አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው። ተመረቅሁ፣ መምህር ሆንኩ፣ ጎንደር ቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራየሁ፣ ባል አገባሁ፤ ሠርጌ ላይ አባቴ መረቀኝ፤ የመረቀኝ ግን እጆቹን እያየ ነው።

እንግዲህ ያ ባለ አዲስ ጫማ ከስብሰባው በኋላ «አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ፣ ትምህርቱም የራስሽ ነው፤ ገበሬዎቹን አሳምኚልን» ሲለኝ እሺ ያልኩት ለአየሩ ብዬ አይደለም። የዓለም አየር ቢጸዳ ደስ ይለኛል፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ አየር አልነበረም ያሳሰበኝ። የአባቴ ማሳ ለሙከራ ይመረጣል፣ ዱቄቱ ይበተንበታል፣ ይድናል፣ እኔም ምንም ሳልናዘዝ እታረቃለሁ ብዬ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የተጎዳ ማሳ አሳዪኝ ሲለኝ የአባቴን አሳየሁት፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ፎቶግራፍ አነሣው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ጆንያዎቹን ጭነን ሄድን። ዱቄቱ የመጣው ያኔ ድንጋያችንን ከወሰደው መፍጫ ነው። የኛ ድንጋይ አስፋልት ሆኖ ካለቀ ቆይቷል፤ ይኸኛው የሌላ ሰው ጋራ ነው። ጆንያዎቹን ወንድሜ ቤት አራገፍንና በማግስቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ሰው እንደተሰበሰበ ተፈቅዶልን ገባን። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ ነበር። እኔ ከባለሙያው ጎን፣ በእንግዶች ወንበር ላይ፣ የፕሮጀክቱን ነጭ ኮፍያ አድርጌ ተቀመጥኩ። አባቴ ከግድግዳው ሥር በርኖሱን ደርቦ ተቀምጧል።

ባለሙያው ተናገረ። ሲጨርስ የአባቴ የማሳ ጎረቤት፣ እኛ ሁላችን አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ ሸጋ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ያን ጊዜ ልቀሙ ተባልን፣ ለቀምን። አሁን ፈጭታችሁ ዝሩ ትሉናላችሁ። ምነው፣ ድንጋዩ ሳይፈጭ አይሆንም ኖሯል?»

«አባት፣ ተፈጥሮ በብዙ ሺህ ዓመት የምትሠራውን እኛ በጥቂት ዓመት እንሠራዋለን» አለ ባለሙያው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አያ። የተናገሩት ለሱ ነው፤ ያዩት ግን እኔን ነው። ቤቱ በሣቅ ሞላ።

ባለሙያው ሣቁን አልወደደውም። ከቦርሳው ትልቅ አድርጎ ያሳተመውን ፎቶግራፍ አውጥቶ ከፍ አደረገው። የአባቴ ማሳ ነበር፤ የነጣው ጀርባው፣ የተሸረሸረው ጎኑ፣ ሁሉም ይታያል። «ይህን እዩት» አለ። «ድንጋዩን ለቅሞ ያወጣው ገበሬ ባለማወቁ መሬቱን እንዲህ ገደለው። ይህ የማነው?»

የሚያውቅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ሰባና ሰማኒያ ዓይን ነጩ ኮፍያዬ ላይ አረፈ። ስለ አባቴ አስቤ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ያሰብኩት ግን መምህርነቴን ነው። እኔ ነኝ ብል ነገ ይህ ልጅ ጎንደር ገብቶ ለባልደረቦቼ ምን ይላቸዋል ነው ያልኩት። ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው ያሰብኩት።

አባቴ ከግድግዳው ሥር ተነሣ። «የኔ ነው» አለ። «ያስለቀምኩትም እኔ ነኝ። አለማወቅ ነው።» ተመልሶ ተቀመጠ።

አያ መሬቱ ላይ ትፍ አሉ። እኔ ኮፍያዬን አስተካከልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት ያደረግኩት ነገር ኮፍያዬን ማስተካከል ነው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ባለሙያው መኪናው ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። «ያ ሽማግሌ ግን ጎበዝ ነው። ጥፋቱን ያምናል። እንዲህ ዓይነት ገበሬ ነው የሚያስፈልገን» አለኝ።

«አባቴ ነው» አልኩት። «ያስለቀምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

እስከ ጎንደር ድረስ ስልኩን ሲነካካ ሄደ። ደግ አደረገ፤ ቢናገር ኖሮ ከመኪናው አስወርደው ነበር።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ስለዚሁ ስለ ድንጋይና ዝናብ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ወንዝ የወሰደው ይመለሳል?» ይመለሳል አልኳት። የባሕር ወለል ሆኖ፣ እሳት ሆኖ፣ ተራራ ሆኖ ይመለሳል። ጎንደር የቆመችበት ድንጋይ ራሱ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ሆድ ፈልቶ የወጣ ነው። «ለወሰደበት ሰው ግን አይመለስም» አለች፣ ጥያቄም አልነበረም። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ያኔ ንዴቴ ሁሉ ከባለሙያውም ከአያም ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ ራሴ፣ መጣ። ስለ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት እውነት እናገራለሁ፤ ለአንድ ጥያቄ፣ ለአባቴ ጥያቄ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ዋሽቻለሁ።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። እንደተከፈተ ቅዳሜ ሄድኩ። ወንድሜ ቤት ጆንያዎቹ እንደተራገፉ ናቸው። ፍየሎቹ ተኝተውባቸዋል፤ የወንድሜ ሚስት አንዱን ከፍታ ዱቄቱን የብረት ድስት መፈተጊያ አድርጋዋለች። «ጥላሸት ያስለቅቃል፣ ሸጋ ነው» አለችኝ። አባቴ ቦታ ለቀቀልኝ። «እንግዳዋ በልታለች?» አለው ወንድሜን።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ኮፍያ አልነበረኝም፤ ነጠላዬን ነው ያደረግኩት። የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን፣ ልናገር ብዬ አስፈቀድኩ።

«በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የታየውን ማሳ ድንጋይ ልቀሙ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይህን ታውቃላችሁ። የማታውቁት ሌላ ነው። አባቴ ድንጋዩ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም አልኩት። እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። እያወቅሁ ዋሸሁት።»

አያ የጠላ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«እሱንም እናውቃለን» አሉ። «እኛ ያላወቅነው መቼ እንደምትነግሪን ነው።»

ያን ጊዜ አባቴ ተነሣ። ወደኔ መጣ፤ ወንድሜን አላየም፣ ማንንም አላየም።

«እዚችው ቤት፣ እዚሁ ሰው ፊት፣ እኔ ነኝ ብያለሁ» አለኝ። «ዛሬ ውሸታም አደረግሽኝ! ቤት የለሽም? ማሳ የለም? ሰንበቴው ፊት ነው የምትናገሪው? አንች ደደብ!»

ሙሴው ሊገላግል ተነሣ። አባቴ እጁን አወራጭቶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ እየቀደመ ሰደበኝ። ደደብ አለኝ፣ ልበ ደረቅ አለኝ፣ የተማረ በቅሎ አለኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ጥርሱ ሥር ያኖረውን ሁሉ አወረደብኝ። ድምፁ ቀጥኗል። ያን አላውቅም ነበር፤ ወንድሜን ሲያናግር እሰማው ነበር፣ ግን ለኔ ሲሆን እንዲህ መቅጠኑን አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። «አታልቅሽብኝ!» አለኝ፣ ሳይዞር።

ከማሳው ጠርዝ ስንደርስ ቆመ። መንገድ ዳር የነበረ አንድ ጥቁር ድንጋይ በእግሩ ገፋ አድርጎ «አንሽው» አለኝ። አነሣሁት። ማሳው መሃል ይዞኝ ገባ። «እዚህ። እንዲያ አይደለም፣ ሆዱን ወደ መሬት!» ገለበጥኩት። «አሁን ይጀምራል» አለ። ምኑን ይጀምራል አላልኩትም። ዝናቡ ድንጋዩን መብላቱን ነው፤ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር እሄዳለሁ። ከቀሐ ዳር ያገኘሁትን ድንጋይ በቦርሳዬ ይዤ። አንዴ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይለኝ ዘጋው። አባቴ አንዱንም ወድዶልኝ አያውቅም። «ይኸ ድንጋይ ነው? የወፍ ኩስ ነው!» ይለኛል። ስንቱን ብሸከም ከማሳው የወጣውን እንደማልመልሰው አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ዱቄቱን ወንድሜ ከማሳው ጥግ ላይ በትኖታል፤ ድስት ከማጠብ የተረፈውን። ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ ለማየት እኔም አባቴም ዕድሜ የለንም።

ባለፈው ክረምት በፈተና እርማትና በመንገድ መዘጋት ምክንያት ወር ተኩል ሳልሄድ ቀረሁ። ስደርስ አባቴ ማሳው ላይ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ደክሟል፤ ዓይኑም እንደ ድሮው አያይም። የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ዞረ።

«ምነው ዘገየሽ፣ አንች ደደብ?» አለኝ።